አማቴን ጭቃ የያዛቸው ዕለት

ይህን ታሪክ የምጽፈው በአማቴ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ሲሰጡኝ ግን አንድ ነገር አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል። «ሽማግሌው ወደቀ ብለሽ እንዳትጽፊ፤ እኔ አልወደቅሁም፤ መሬቱ ነው የከዳኝ» ብለዋል። ሶ፣ በትእዛዛቸው መሠረት፣ አማቴ አልወደቁም። መሬቱ ከዳቸው።

ምሕረት እባላለሁ። የምንኖረው ሲያትል አጠገብ፣ ሾርላይን ነው። ባለቤቴ ዳዊት የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከኬንት መጋዘኖች ዕቃ ጭኖ ይወጣና ሳምንቱን መንገድ ላይ ያሳልፋል። እኔ ቤት ተቀምጬ በስልክ አስተረጉማለሁ፤ የሐኪሙን ለታማሚው፣ የታማሚውን ለሐኪሙ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ሆድ ቁርጠት ስናገር እውልና ማታ ባለቤቴ ደውሎ «እንዴት ዋልሽ?» ሲለኝ የምመልሰው ይጠፋኛል።

ደግሞ ውሃ እፈራለሁ፤ ያውም ክፉኛ። ውሃ በባልዲ ወይም በብርጭቆ ካልቀረበልኝ አላምነውም። «እንዲህ ዓይነት ሰው ሲያትል ምን ይሠራል?» እንዳትሉኝ፤ ራሴም ጠይቄው መልስ አላገኘሁለትም። እዚህ አገር በየትም አቅጣጫ ብትነዱ መጨረሻው ውሃ ነው። እኔና ባሕሩ ግን ያን ሁሉ ዓመት የኖርነው ሰላምታ እንደማይለዋወጡ ጎረቤታሞች ነበር። እኔም አልፌው እሄዳለሁ፣ እሱም ዝም ይለኛል።

አማቴ አባባ ተከስተ የእኔ ተቃራኒ ናቸው። ወላጆቻቸው ከኤርትራ ናቸው፤ እሳቸው ያደጉትም የሠሩትም ድሬዳዋ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓሣ በቆርቆሮ ታሽጎ ካልሆነ በማይታይበት ሰፈር ዕድሜያቸውን ጨርሰው፣ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት፣ ልጃቸው ጋ መጡና በሰባ ዓመታቸው ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። ከቤታችን ቁልቁል ሲወረድ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ አለች። ከእሷ ትንሽ ራቅ ብሎ ሰዎች ዓሣ የሚያጠምዱበት ረጅም የእንጨት ድልድይ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። አባባ ከወዳጃቸው ከጋሽ በየነ ጋር ከድልድዩ ላይ ያጠምዳሉ፤ ለማጥመጃ የሚሆነውን ትል ደግሞ ከዳርቻዋ አሸዋ ይቆፍራሉ። ዓሣውን እሳቸው ይጠብሱታል፤ ሽታውን እኛ ለሳምንት እንካፈላለን።

እኔና እሳቸው በጣም እንከባበር ነበር። መከባበር ሲበዛ እንደ መጋረጃ ነው፤ ሁለታችሁም ከኋላው ቆማችሁ ትሳሳላችሁ። «ቁርስ ላቅርብ አባባ?» «እግዜር ይስጥልኝ።» «ደከምዎ?» «ተመስገን።» ዳዊት መንገድ ላይ ሲሆን ሙሉ ቀን በዚህ ያልቃል።

ነገሩ የተጀመረው ከመንገዱ ማዶ በምትኖረው በሊንዳ ነው። ሊንዳ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ጡረታ ግን አልገባትም። አንድ ጠዋት በራችንን አንኳኩታ፣ ያቺ የባሕር ዳርቻ በሕግ እንድትጠበቅ የሰፈሩ ሰዎች እየተንቀሳቀሱ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ ወሰን ውስጥ ዓሣም፣ ቀንድ አውጣም፣ ትልም ማውጣት ይቀራል ማለት ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነዋሪውን ድጋፍ ካላየ አይወስንም፤ ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ሕዝቡ ይሰበሰባል።

«የእናንተም ሰዎች በቋንቋቸው ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ታስተረጉሚልናለሽ?» አለችኝ።

ኖ ማለት አልችልበትም። «ኦኬ» አልኩ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ነገሩን ላስረዳ ተነሣሁ። እዚያ ላይ አንድ ቃል ጉድ ሠራኝ። «ባሕሩን ሊከልሉት ነው፤ የተከለለ የባሕር ክልል ይሆናል» ስል፣ ጋሽ በየነ ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ።

«ምን ይሆናል?»

«ክልል፣ ጋሽ በየነ።»

«እዚህም ክልል? ከክልል ሸሽተን ባሕር ተሻገርን፣ አሁን ባሕሩን ራሱን ክልል ሊያደርጉት ነው? ፕሬዚዳንቱ ማን ሊሆን ነው፣ ሳልሞን ዓሣው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ «ጥብቅ ስፍራ ማለቴ ነው» እያልኩ ብጮህ ማን ይስማኝ። አንዱ «ለመግባት መታወቂያ ይጠየቃል ወይ?» ይላል፤ ሌላዋ «በጋ ላይ ልጆቻችን የሚጠመቁት እዚያ ነው፤ ጥምቀትም ሊከለከል ነው?» ትላለች። ከዚህ ሁሉ መሀል ያልሳቁት አባባ ተከስተ ብቻ ነበሩ።

ማታ ራት ላይ ነው የፈነዱት።

«ስሚ፣ ያቺን ዳርቻ ከእኔ የበለጠ የሚያውቃት አለ?»

«የለም አባባ።»

«ድንጋይ፣ የባሕር ቅጠልና የፈረንጅ ቆሻሻ ነው ያለው። ባዶ ነገር ምኑ ይጠበቃል? ቅዳሜ እኔና በየነ ተነሥተን እንቃወማለን። አንቺም ቃል በቃል ትናገሪልናለሽ።»

«ሥራዬ ነው፤ እናገራለሁ።»

«ረቡዕ ቀትር ላይ ባሕሩ እጅግ ይሸሻል። አብረን እንሂድ። አንዲት የሚጠበቅ ነገር ካሳየሽኝ ቅዳሜ እጄን ለድጋፍ አወጣለሁ።»

ትንሿ ልጄ ከሳህኗ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ «ማሚ ባሕር ዳር? ኖ ዌይ» አለች። እንግዲህ በስድስት ዓመት ልጅ ተንቄ እንዴት እቀራለሁ?

ረቡዕ፣ መኪናውን ከሐዲዱ ወዲህ ፓርክ አድርገን ተሻገርን። ባሕሩ የለም! እውነቴን ነው፣ ሄዷል። ድሮ ውሃ የነበረበት ሁሉ ሰፊ የሚያብለጨልጭ አሸዋና ጭቃ ሆኗል፤ ውሃው ከሩቅ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። አባባ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ የጎማ ቦቲ አጥልቀው፣ ፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ፊት ፊት ይሄዳሉ። እኔ በስኒከር እየተንሸራተትኩ እከተላለሁ።

«ይኸው ድንጋይ» ይላሉ። ድንጋዩ ሥር ሐምራዊ የባሕር ኮከብ ተጣብቆ አየሁ። «ይኸው ቅጠል» ይላሉ። ከቅጠሉ መሀል ጥፍር የምታክል ሸርጣን እየሮጠች ትደበቃለች። ከአሸዋው ሥር ውሃ ፊን ብሎ ሲረጨኝ ጮህኩ።

«ዛጎል ናት፣ ስትተነፍስ ነው» አሉ፤ ሳቃቸውን እንደ ሳል አድርገው ሊያሳልፉት ሞከሩ።

«ይህ ሁሉ ባዶ ነው ማለት ነው አባባ?»

ጎንበስ ብለው ከአሸዋው ላይ ግራጫ፣ ስስ፣ ክብ ነገር አነሡ። የሸሚዝ ኮሌታ ይመስላል፤ ሲነኩት ጎማ ነው የሚመስለው። «ቆሻሻ ያልኩሽ ይኸውልሽ! የምን ጎማ እንደሆነ እንጃ፣ በበጋ በበጋ ይሞላል። በመጣሁ ቁጥር ለቅሜ ነው የምጥለው። ፈረንጅ ስለ ባሕር ያወራል፣ የሚያጸዳው ተከስተ ነው!» ብለው ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱት። እየለቀሙ፣ እየከተቱ፣ ከዚህ በፊት ረግጠውት ወደማያውቁት ወደ ሩቁ ጭቃ ዘለቁ። አንድ ትልቅ ኮሌታ አይተው እጃቸውን ዘርጋ ሲያደርጉ ነው መሬቱ የከዳቸው።

ቀኝ እግራቸው እስከ ጉልበት ገባ። ግራውን ሊደግፉበት ሲሞክሩ እሱም ገባ። በመጀመሪያ ሁለታችንም ሳቅን። እጃቸውን ይዤ ሳብኩ፤ ቦቲው አልነቃነቅ አለ። ሳቃችን ቀስ እያለ ጠፋ። እሳቸው በታገሉ ቁጥር ይሰምጣሉ፤ ጭቃው ጭናቸውን ያዘ። ያን ጊዜ ወደ ባሕሩ አየሁ። ያ ቀጭን መስመር ቀጭን አልነበረም። ውሃው እየተመለሰ ነበር።

ለድንገተኛ አደጋ እርዳታ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። ለሌላው ሰው ስናገር የማይንቀጠቀጠው ድምፄ፣ ለራሴ ሲሆን አድራሻ እንኳ ማውጣት አቃተው። እንደምንም ነገርኳቸው። እኔ ስልኬን ኪሴ ስከት ውሃው እንደ ምላስ መጥቶ ጫማዬን ላሰኝ። በድን ሆንኩ። እግሬ ሩጪ ይለኛል።

አባባ አዩኝ። «ምሕረት» አሉ። በስሜ ሲጠሩኝ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ «ስሚ» ወይም «እሷ» ነበርኩ። «ምሕረት፣ ውሃ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ወደ ደረቁ ውጪ። ልጆቹ አንቺን ነው የሚፈልጉት። ሰዎቹ ይመጣሉ።»

«ዝም ይበሉ አባባ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በዐሥር ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ! ተንበርክኬ ጭቃውን በእጄ መዛቅ ጀመርኩ። የዛቅሁት ወዲያው ይሞላል። ውሃው ጉልበቴን አልፎ ወጣ።

ከዳርቻው በኩል አንዲት ሴት «አትሳቢው! አትሳቢው!» እያለች ስትሮጥ ሰማሁ። ሊንዳ ናት። ባሕሩ በሸሸ ቀን ለሚመጡ ሰዎች ስለ ፍጥረታቱ ልታስረዳ በፈቃደኝነት ትወጣለች፤ ከአንድ ቤተሰብ የልጆች መንሳፈፊያ ሰሌዳ ነጥቃ ነበር የምትሮጠው።

«ሰሌዳው ላይ ወደ ኋላ ጋደም ይበል። እግሩን ከመሳብ ይልቅ እያወዛወዘ ውሃ ወደ ሥሩ ያስገባ» አለችኝ። አስተረጎምኩ።

«ወደ ኋላ ጋደም ይበሉ አባባ። እግርዎን ወዲህ ወዲያ ያወዛውዙ።»

«እንደ ሕፃን?»

«እንደ ሕፃን!»

ከሐዲዱ ማዶ የእሳት አደጋ መኪናው ጩኸት ተሰማ፤ ተመስገን ልል ስል የጭነት ባቡር መጣ። ያ ባቡር ማለቂያ የለውም፤ ፉርጎ፣ ፉርጎ፣ ፉርጎ። ሳይረኑ ከወዲያ ይጮኻል፣ ባቡሩ መሀላችን ያልፋል፣ ውሃው ወገቤ ደረሰ። እጄን በአባባ እግር ሥር ወደ ጭቃው ሰደድኩ፤ ፊቴ ውሃውን ነካ። ጨው ቀመስኩ። እንግዲህ ያ ስሸሸው የኖርኩት ውሃ፣ እጄን ተከትሎ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ጭቃውን ሲያላላው ተሰማኝ። አባባ አወዛወዙ፣ እኔና ሊንዳ ደገፍን፤ «ፏ» የሚል ድምፅ ተሰማና ቀኝ እግራቸው ያለ ቦቲ ወጣ። ግራው ተከተለ።

«ሱሪዬን! ሱሪዬን!» አሉ አባባ። እውነትም ሱሪው ከቦቲዎቹ ጋር ሊቀር ምንም አልቀረው። አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ፣ ሰሌዳው ላይ ተንጋለው፣ እየጎተትን ወደ ዳር አወጣናቸው። የእሳት አደጋ ሰዎቹ ሲደርሱ አሸዋ ላይ ተቀምጠው በካልሲ ነበር የተቀበሏቸው። የደም ግፊታቸውን ሲለኩ «የእሷንም ለኩላት፤ ከእኔ በላይ የደነገጠችው እሷ ናት» አሉ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሊንዳ ከረጢቱን አየች። አባባ ያን ሁሉ ሲሆን ከእጃቸው አልለቀቁትም ነበር። ከፈት አድርጋ አየችው።

«ቆሻሻ ነው፣ እያጸዳሁ ነው በያት» አሉ አባባ በኩራት።

አልኳት። ሊንዳ እሳቸውን ላለማሳፈር ተጠንቅቃ፣ ቀስ ብላ መለሰች። «ጎማ አይደለም። አንዲት ትልቅ ቀንድ አውጣ እንቁላሏን ከአሸዋ ጋር አጣብቃ የምትሠራው ቤት ነው። ብዙ ሺህ እንቁላል ነው አንዱ ላይ ያለው። ሁሉም ሰው ነው ቆሻሻ የሚመስለው፤ እኔም ድሮ ጥዬ አውቃለሁ።»

ይህን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ነገርኳቸው። አባባ አንዱን ኮሌታ አንሥተው ወደ ፀሐይ አደረጉት። ጣታቸው ስፌቱን እንደሚመረምር ሰው ጠርዙን ዳሰሰ።

«ስፌት የለውም» አሉ። «ስንቱን ጣልኩት…» አሉና ኮሌታውን ቀስ ብለው ወደ ከረጢቱ መለሱት። «አሁን ቢመለስ ይድናል ወይ በያት።»

«አሁን የተነሣ ከሆነ ሊድን ይችላል» አለች ሊንዳ።

አባባ ሊነሡ ሞከሩና በካልሲ መሆናቸውን አይተው ተቀመጡ። ከረጢቱን ወደ እኔ ገፉት፤ ለምነውኝ አያውቁም፤ ያን ጊዜም አልለመኑኝም፤ ዝም ብለው አዩኝ። ከረጢቱን ይዤ ተመልሼ ገባሁ። ያሁኑ ማንንም ላድን አልነበረም፤ የሚያሳድደኝም የለም። አንድ በአንድ ከውሃው ሥር አሸዋ ላይ አስቀመጥኳቸው። ስጨርስ ወዲያው አልወጣሁም። ትንሽ ቆምኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ጋሽ በየነ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የአባባን መነሣት በጉጉት ይጠብቃሉ፤ ስለ ረቡዕ ምንም አልሰሙም። አባባ ሱፍ ለብሰው ወደ ማይክሮፎኑ ሄዱ፤ እኔ ከጎናቸው ቆምኩ። አስተርጓሚ ስትሆኑ «እሳቸው እንዲህ አሉ» አትሉም፤ የተናጋሪው አፍ ሆናችሁ «እኔ» ነው የምትሉት።

«ስሜ ተከስተ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ» አሉ፤ እኔም በእንግሊዝኛ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። «ይህን ነገር ልቃወም ነበር። ቦታው ባዶ ነው እል ነበር። ዓይኔ ደኅና ነው፤ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው ያለ መነጽር ነው። ግን እግሬ ሥር ያለውን እንቁላል ቆሻሻ ነው ብዬ ስጥል ኖሬአለሁ። ቆሻሻ ያልኩት ሕፃናት ከሆኑ፣ ባዶ ያልኩት ቦታ ምን እንዳለበት በምን አውቃለሁ? ስለዚህ እደግፋለሁ።»

«ተከስተ!» አሉ ጋሽ በየነ፣ ሚስቱ እንደከዳችው ሰው።

«ቆይ በየነ፣ አልጨረስኩም። ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ድልድዩን ለእኛ ለአጥማጆች ተዉልን። ጥምቀታችንንም አትንኩብን።»

ሰብሳቢዋ፣ ድልድዩ ከወሰኑ ውጭ እንደሚሆን፣ ሰውም ከውሃው ምንም ይዞ እስካልወጣ ድረስ መጠመቅ እንደሚችል አስረዳች።

ጋሽ በየነ እጃቸውን አወጡ። «የሚጠመቀው ይዞ አይወጣም፤ ኃጢአቱን ትቶ ነው የሚወጣው። እሱ ቆሻሻ እንደ መጣል አይቆጠርበትም?»

አስተረጎምኩት። ፈረንጁም ሐበሻውም እኩል ሳቀ። ሰብሳቢዋ እንባዋን እየጠረገች፣ ይህን የሚከለክል አንቀጽ እንደሌለ አረጋገጠች።

ሳቁ ሲበርድ አባባ ከማይክሮፎኑ አልራቁም። «አንድ ነገር ይቀረኛል። ጭቃ ውስጥ ገብቼ ነበር። ያወጣችኝ ይህች የምታስተረጉምላችሁ ናት። ውሃ ትፈራለች፤ ልጆቿ ዋና ሲማሩ እንኳ ከመኪና አትወርድም። ሂጂ አልኳት፤ ተቆጣችኝ እንጂ አልሄደችም። እኔ ሴት ልጅ አልሰጠኝም እል ነበር። ከእንግዲህ አልልም።»

ይህን በራሴ አፍ ልለው አፈርኩ። በእንግሊዝኛ «ቤተሰቤንም አመሰግናለሁ» አልኩና ወደ ወንበሬ ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«አሳጠርሽው!»

«አባባ…»

«ፋሚሊ የምትል ቃል ብቻ ነው የሰማሁት። እኔ ያን ሁሉ የተናገርኩት ለአንድ ፋሚሊ ነው? ሙሉውን በያቸው።»

አልኩት። «ሴት ልጅ አልሰጠኝም እል ነበር» አልኩ፣ በራሴ ድምፅ፣ ስለ ራሴ፣ በእሳቸው አፍ። «ከእንግዲህ አልልም።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ብቻ ቀና ስል ጋሽ በየነ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር። ድጋፍ ያላችሁ ሲባል እጃቸውን ከሁሉ ቀድመው አወጡ። በኋላ ስጠይቃቸው «ለቀንድ አውጣዋ ብዬ እንዳይመስልሽ» አሉኝ፤ ለማን ብለው እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ውሳኔው በዚያው ቀን አልመጣም፤ ወራት ወሰደ፤ ሌላ ስብሰባ፣ ሌላ ክርክር፣ ሌላ ማስተርጎም። በመጨረሻ ግን ዳርቻዋ ተከለለች። ድልድዩም ለአጥማጆቹ ተተወ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ «ያ ቀን ምኑን ለወጠው?» ብትሉኝ፣ ደፋር ሆንኩ አልላችሁም። ዘንድሮ ዋና መማር ጀመርኩ፤ የክፍል ጓደኞቼ አምስት አምስት ዓመታቸው ነው፤ ከእነሱ መሀል መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ። የተለወጠው ሌላ ነው። ሰው ከባሕርም ሆነ ከአማቱ ጋር ዐሥር ዓመት ጎን ለጎን ኖሮ፣ ባዶ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጎንበስ ብሎ እስኪያይ ድረስ አያውቅም። እኔን ጎንበስ ያስባለኝ ጭቃ ነው፤ እናንተ ጭቃውን አትጠብቁ።

በበጋ፣ ባሕሩ በሸሸ ቀን በዚያ ካለፋችሁ፣ የፈቃደኞችን ሰደርያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ያስቆሟችኋል። ሰደርያው ሰፍቷቸው ነበርና ራሳቸው አጥብበውታል። ኮሌታዎቹን ሳትነኩ ያሳዩአችኋል፤ ከዚያም መፈለጋችሁን ሳይጠይቁ ስለ ረቡዕ ቀን ይተርኩላችኋል። ባለፈው ቅዳሜ ለሁለት ፈረንጆች ሲተርኩ እያስተረጎምኩ ነበር። «ውሃው እዚህ ደርሶባት ነበር» አሉ፣ በእጃቸው አንገቴን እያሳዩ።

ወገቤ ድረስ ነበር። እኔም በእንግሊዝኛ፣ ሳልሳሳት፣ «አንገቷ» አልኩ።